የጎርጋስ ባንዲራና የአይጧ ክር

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ በፈረንሳይ አገር፣ በአንድ የባሕር ወደብ፣ ፔሪን የምትባል የመርከብ ሸራ ሰፊ ነበረች። ባሏ ማቱራን በጀልባ ጨው እያመላለሰ ይሸጣል። ሀብታቸው ያቺው አንዲት ጀልባ ናት።

በዚያው ወደብ ጎርጋስ የሚባል ግዙፍ የባሕር ቀማኛ ነበር። ሐሜት አይሁን እንጂ ጢሙ ላይ የሦስት ቀን ሾርባ ደርቆ ይታያል። መርከቡ ሠላሳ መድፍ ጭኗል።

የባሕር ሕግ ግን አለ። የራሱን ባንዲራ ሳይሰቅል የተኮሰ አንገቱን ያጣል። የራሱ ባንዲራ የወረደበት ደግሞ እጁን ሰጥቷል፤ መርከቡም የባላጋራው ይሆናል።

ጎርጋስ ታዲያ በሰው ባንዲራ ወዳጅ መስሎ ይጠጋል። አጠገብ ሲደርስ የራሱን ሰቅሎ ይቀማል።

አንድ ቀን ባንዲራው ተቀደደበትና ፔሪን ቤት መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ይቺን ዛሬውኑ ስፊልኝ! ነገ እወጣለሁ!»

«ነገ ወዴት ነው ጌታዬ?»

«ዓሣ ላጠምድ ነዋ!»

«በሠላሳ መድፍ?»

«ትልልቅ ዓሣ ናቸው!» ብሎ ወጣ።

ፔሪን ክው አለች። ማቱራን ጨው ጭኖ የሚወጣው ነገ ነው። ጨው ካልተሸጠ ደግሞ ክረምቱን የሚበሉት የላቸውም።

ከሸራው ክምር አንዲት አይጥ ብቅ አለች። ድመት ሦስት ጊዜ ሲያባርራት፣ ፔሪን ሦስት ጊዜ ቀሚሷ ሥር ደብቃት ነበር።

«እትዬ ፔሪን፣ አትደንግጪ። ይኸውልሽ ክር። ጆሮ አለው። አንድ ውሸት ይችላል፣ ሁለት ይችላል፣ በሦስተኛው ይበጠሳል።»

ፔሪን ባንዲራውን ከገመዱ የሚያያዘውን ጠርዝ በዚያ ክር ሰፋችው። በማግስቱም ከባሏ ጋር ጀልባዋ ላይ ወጣች።

ባሕሩ መካከል የጎርጋስ መርከብ በሆላንድ ባንዲራ መጣ።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» ብላ ፔሪን ጮኸች።

«አይብ ነጋዴዎች!» አለ ጎርጋስ።

ማቱራን ጀልባዋን ዘወር አደረገ። መርከቡ የስፔን ባንዲራ ሰቅሎ ተከተለ።

«አሁንስ?»

«ብርቱካን ነጋዴዎች!»

ማቱራን እንደገና ዘወር አለ። መርከቡ የአገራቸውን የፈረንሳይን ባንዲራ ሰቅሎ አጠገባቸው ደረሰ።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«ውሃ ጠምቶን ነው፣ እህቴ!»

«ሦስት!» አለች ፔሪን በጣቷ ቆጥራ።

ጎርጋስ እየሳቀ የራሱን ባንዲራ አሰቀለ። ባንዲራው ምሰሶው ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ስፌቱ ትርትር አለና ባንዲራው ወርዶ የጎርጋስን ጭንቅላት ከነጢሙ ሸፈነው።

«ባንዲራው ወረደ! እጅ ሰጥታችኋል!» አለች ፔሪን።

መርከበኞቹም ጎራዴያቸውን ጣሉ። ምን ያድርጉ? ሕግ ነው። ደግሞስ ከዚያ ሁሉ ሾርባ ጠብታ ደርሷቸው አያውቅም።

መርከቡ የፔሪንና የማቱራን ሆነ። መድፉ ወጣ፣ ጨው ገባ። መርከበኞቹ እኩል በሉ። አይጧም የጎርጋስን ኮፍያ አልጋዋ አደረገችው።

ጎርጋስ ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። በፔሪን ደጅ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ስፌቱ ነው ጉድ የሠራኝ!» ይላል።

ፔሪንም መርፌዋን ሳታቆም፣ «ስፌቱስ ደህና ነበር። ባለቤቱ ነው እንጂ» ትለዋለች።

ልጆች፣ በውሸት የመጣ ሰው እጁ የገባ ሲመስለው ያመልጠዋል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ጨው ባለው ዳቦ አብሱ።