ሎሚ የነካው ድንጋይ

«ይህች ልጅ ወደ ባሏ ትመለስ ይሆን? ወይስ እዚሁ ከእኔ ጋር ትቀር ይሆን?»

አንዲት ሴት ይህን ጥያቄ ይዛ ትነሣለች፤ ይዛው ትተኛለች። የልጅ ልጇ ፍሬገነት ከባሏ ከስለሺ ተጣልታ አያቷ ቤት ከገባች ሰነባብታለች። ስለሺ ምን አጠፋ? የፍሬገነት እናት ሙት ዓመት ሲታሰብ ቀረ። ሕንፃ ላይ ድንጋይ ለጣፊ ነውና «ሥራ ይዞኝ» አለ። ሟቿ ደግሞ የዚህች ሴት አንድያ ልጅ ነበረች። ይህ ቀላል ነው? አይደለም።

ሴትዮዋ የልጅ ልጇን ትወዳታለች። መውደድስ እንዴት ያለ! ምግብ ስታቀርብላት ግን «ብዪ እንጂ፤ የእናትሽን ቀን የረሳ ሰው ያበላኛል ብለሽ ነው?» ትላለች። ብርድ ልብስ ስትደርብላት «ያንቺስ ዕድል!» ትላለች። ሁሉም ከፍቅር ነው። ሁሉም ግን ይጎመዝዛል።

የዚህች ሴት በረንዳ ትራቨርቲን በሚሉት ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ያነጠፈላት ራሱ ስለሺ ነው፤ ፍሬገነትን ባገባ በዓመቱ። ድንጋዩን ሳታዩት አትቀሩም። በየባንኩ ግድግዳ ላይ አለ፤ የእርጎ መልክ ያለው፣ መስመር መስመር የሠራ፣ እዚህም እዚያም ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው።

እንዴት እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ? ሴትዮዋ ታውቃለች፤ ያደገችው ፍል ውሃ አጠገብ ነው። ውሃው ከምድር ሆድ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ኖራ አሟሙቶ ይዟል። አየር ሲያገኘው ያንን ኖራ ይጥላል። ስስ አድርጎ፤ የእንቁላል ውስጠኛ ገለፈት ታህል። በላይዋ ሌላ። በላይዋ ደግሞ ሌላ። ቅጠል ቢወድቅ ያለብሰዋል፤ ቅጠሉ ይበሰብስና ቀዳዳው ይቀራል። እንዲህ እያለ፣ ዘመን ከዘመን፣ ቤት የሚሠራበት ድንጋይ ይሆናል።

ልጆቼ፣ ትዳርስ በምን ይሠራል? እንዲሁ አይደለም? ስስ በስስ ላይ፤ ቀዳዳውም ሳይቀር?

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ዘይት ፈሰሰ። ሴትዮዋ ምን አደረገች? ሎሚ ቆረጠች። ድስቱን የምታጠራበት፣ ሣህኑን የምታጠራበት ሎሚ ነው፤ ይህንስ ለምን አያጠራም? ፈተገችው። ሲደርቅ ወዙ ጠፍቶ ሻክሮ አገኘችው። ደነገጠችና ጨምራ ፈተገችው። ባሰበት።

በማግስቱ ስለሺ ከሥራ ሲመለስ መጣ። ሽማግሌ አላስከተለም።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«ሚስቱን የሚፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ብቻህን ምን አመጣህ?»

«ሽማግሌ ብትልክ ከበር እመልሳለሁ ያሉት እርስዎ አይደሉ? እኔን ብቻዬን ቢያባርሩኝ ለሰፈሩ ሰውም ይቀልለዋል ብዬ ነው።»

ከውስጥ ሳቅ አመለጠ፤ ቶሎ ታፈነ። ፍሬገነት ከመጣች ወዲህ ሴትዮዋ ስትስቅ የሰማቻት ያን ጊዜ ገና ነው።

ስለሺ ወደ እግሩ አየ። «ይሄን ደግሞ ምን ነካው?»

«ሎሚ ነዋ! ዘይት ፈሶበት። አሁን ደግሞ በንጽሕናዬ ልትመጣብኝ ነው?»

«ኧረ እኔ! ግን እማማ፣ ኖራ እኮ ነው። ሎሚ ይበላዋል።» ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። «በብርጭቆ ወረቀት ባለሰልሰው ይመለሳል። ዳግመኛ ሎሚ አያግኘው እንጂ።» ከሥራ ቦርሳው ወረቀቱን አወጣ። ቀና ሳይል «የዚያን ቀን መቅረቴ ጥፋት ነው፣ እማማ» አላት።

የሴትዮዋ አፍ ተከፈተ። «ልጄን ረስተህ ለድንጋይ ታዝናለህ?» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። ዓይኗ ግን የሻከረው ቦታ ላይ አረፈ። በክፋት ነው የፈተገችው? አይደለም። በፍቅር ነው፤ ሳስታለት ነው። ድንጋዩ ግን ይህን አላወቀላትም።

ቃሉን ዋጠችው። «ውሃ ላምጣልህ?» አለችው።

እናንተ እናቶች፣ እናንተ አያቶች፣ ልጆቻችሁን የምታብሱበት እጅ ምን ይዟል? ስለምትሳሱ ነው፤ ማን ያጣዋል? ሌሊት ሲገላበጡ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን በጎጇቸው ላይ የፈሰሰ ነገር ብታዩ ለመፈተግ አትቸኩሉ። ዘመን የሠራውን አንድ ረፋድ ይበላዋል። ቃላችሁ እውነት ቢሆንም ይበላዋል፤ ከፍቅር ቢሆንም ይበላዋል። ንጹሕ ውሃ ስጧቸው። ዝም ማለትንም ስጧቸው።

ዝም ማለት ይከብዳል? ይከብዳል እንጂ! ያቺ ሴት ውሃውን ለስለሺ አቀብላ በሩ ሥር ተቀመጠች። ከጓዳ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ሰማች። «ምነው ተቻኮልሽ?» የሚለው ጉሮሮዋ ላይ መጣ። «ቢደግመውስ?» የሚለውም መጣ። ሁለቱንም መልሳ ዋጠቻቸው።

ፍሬገነት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ጎንበስ ብላ የአያቷን ጉልበት ሳመች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ በረንዳውን ተሻግራም የትዳር ቤቷን መንገድ ይዛ ከግቢው ወጣች። ስለሺ እጁ ኖራ እንደለበሰ ተነሥቶ ተከተላት።