ሣጥኗ ጠበበች፣ ደብዳቤው ዘገየ

የድሮ ተራኪዎች «ነበረች» ብለው ይጀምራሉ፤ እኔ ግን «አለች» ነው የምለው፣ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቻት ሰላም ብላኛለችና። ስሟ አልጋነሽ ነው። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እሷም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አታይም። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፦ የአባቷን ደብዳቤ በገዛ ጣቷ ማንበብ።

አባቷ አቶ ወንድይራድ ከመሞታቸው በፊት ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጣት እየለቀሙ ጽፈው፣ በፍላሽ አስቀምጠውላት ነበር። አርባቸው ወጣ፤ ደብዳቤው ግን አልተነበበም። «ላንብብልሽ» የሚላት ሰው ሞልቶ ነበር። እሷ ግን «አባዬ የጻፈው ለእኔ ነው፤ በሌላ አፍ አልሰማውም» አለች። ትምህርት ቤቱ የብሬል ማተሚያ አለው፤ በቀለም ፈንታ ወረቀቱን በመርፌ እየገፋ ነጥብ የሚያወጣ። አሮጌው ኮምፒውተር ስለተበላሸ ማተሚያውን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተውታል። አልጋነሽ ፍላሹን ሰክታ፣ ማተም ጀምር ብላ አዘዘችና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ወረቀቱ ልሙጥ ነበር።

«ወረቀት ሆይ፣ ነጥብ አውጣልኝ» አለችው።

«መርፌው ካልገፋኝ አላወጣም» አላት።

ወደ መርፌው ዞረች። «መርፌ ሆይ፣ ወረቀቱን ግፋልኝ፤ ወረቀቱ ነጥብ አላወጣም አለ፣ እኔም የአባዬን ደብዳቤ አላነበብኩም።»

«ማተሚያው ካላዘዘኝ አልገፋም» አላት መርፌው። መርፌ እንኳ አለቃ አለው!

«ማተሚያ ሆይ፣ መርፌውን እዘዝልኝ፤ መርፌው አልገፋም አለ፣ ወረቀቱ ነጥብ አላወጣም አለ፣ እኔም የአባዬን ደብዳቤ አላነበብኩም።»

«ድራይቨሩ ፊደል ካልሰጠኝ ምን ብዬ ልዘዝ?» አላት ማተሚያው። ድራይቨር የሚባለው በኮምፒውተሩና በማተሚያው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ ያለ እሱ ሁለቱ አይግባቡም።

«ድራይቨር ሆይ፣ ፊደል ስጥልኝ፤ ማተሚያው አላዝም አለ፣ መርፌው አልገፋም አለ፣ ወረቀቱ ነጥብ አላወጣም አለ፣ እኔም የአባዬን ደብዳቤ አላነበብኩም።»

«እኔስ መች ሥራ ጠላሁ? ደብዳቤው ከፍላሹ ወጥቶ አሁን ያለው ሜሞሪ ዘንድ ነው። ሜሞሪ በር ካልከፈተችልኝ ከየት አምጥቼ ልስጥ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይህን የነገሩኝ ቀን አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ሜሞሪ በምትባል፣ ጥፍር በማታህል ጠፍጣፋ የኮምፒውተር ማስታወሻ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች አሉ። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን ይዞ የመጣ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይስተናገዳል። የአቶ ወንድይራድ ቃላት በአንዱ መንደር ተሰልፈው ተቀምጠው ነበር። የሰው ልጅ ይህን ሠራ ብላችሁ ብትነግሩኝ ዛሬም ይደንቀኛል።

«ሜሞሪ ሆይ፣ በር ክፈችልኝ፤ ድራይቨሩ ፊደል አልሰጥም አለ፣ ማተሚያው አላዝም አለ፣ መርፌው አልገፋም አለ፣ ወረቀቱ ነጥብ አላወጣም አለ፣ እኔም የአባዬን ደብዳቤ አላነበብኩም።»

«ድራይቨሩ ይዞልኝ የሚመጣው አድራሻ ጎዶሎ ነው፤ የባዕድ በር ሊያስከፍተኝ ነው። አድራሻው ሙሉ ካልሆነ አልከፍትም።»

«አድራሻ ሆይ፣ ሙሉ ሁንልኝ፤ ሜሞሪ በር አልከፍትም አለች፣ ድራይቨሩ ፊደል አልሰጥም አለ፣ ማተሚያው አላዝም አለ፣ መርፌው አልገፋም አለ፣ ወረቀቱ ነጥብ አላወጣም አለ፣ እኔም የአባዬን ደብዳቤ አላነበብኩም።»

አድራሻው ተከዘ። «በአሮጌው ኮምፒውተር ርዝመቴ አራት ክፍል ነበር፤ በአዲሱ ስምንት ሆኛለሁ። ድራይቨሩ ግን ዛሬም በዚያችው ባለ አራት ክፍል ሣጥን ነው የሚሸከመኝ። ግማሼ ይገባል፣ ግማሼ ደጅ ይቀራል። ሣጥኗ ካልሰፋች ሙሉ አልሆንም።»

ሣጥኗንም ጠየቀቻት። «የሠራኝ ሰው ካላሰፋኝ ራሴን በራሴ አላሰፋም» አለቻት ሣጥኗ። የሠሯት ጋሽ ገረመው ናቸው። ድራይቨሩን የዛሬ ሃያ ዓመት ለትምህርት ቤቱ በነፃ ጽፈውለት፣ ባለፈው ወር ደግሞ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ያዛወሩት እሳቸው ነበሩ። ሲያዛውሩት ኮምፒውተሩ «ይህ አድራሻ በዚህ ሣጥን አይበቃም» ብሎ በቢጫ ጽፎ አስጠንቅቋቸዋል። እሳቸው ግን ቢጫ መብራት እንዳየ የከተማችን ሹፌር ነዳጅ ሰጥተው አለፉ።

አልጋነሽ በሸንኮራ ዱላዋ መንገዱን እየዳሰሰች ቤታቸው ሄደች፤ ሸንኮራ ማለቴ ነጯን ዱላዋን ነው፣ ተማሪዎቿ እንዲያ ነው የሚጠሯት። ይዛቸውም መጣች።

«ጋሼ፣ ሣጥኗን ያስፉልኝ፤ ሣጥኗ አልሰፋም አለች፣ አድራሻው ሙሉ አልሆንም አለ፣ ሜሞሪ በር አልከፍትም አለች፣ ድራይቨሩ ፊደል አልሰጥም አለ፣ ማተሚያው አላዝም አለ፣ መርፌው አልገፋም አለ፣ ወረቀቱ ነጥብ አላወጣም አለ፣ እኔም የአባዬን ደብዳቤ አላነበብኩም።»

«ኧረ ልጄ፣ ያቺ ሣጥን ሃያ ዓመት አገልግላለች!» አሉ ጋሽ ገረመው ቆጣ ብለው። «ማተሚያው ይሆናል ያረጀው። የሚሠራ ነገር አይነካካም።»

ነገር በምሳሌ ነውና አልጋነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አባዬ የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነበር። ከተማችን አንድ ቀበሌ ብቻ ሳለች የቤት ቁጥር 214 ከተባለ ይበቃው ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይደርሳል። በኋላ ከተማዋ አደገችና ስምንት ቀበሌ ሆነች። ሁሉም ቀበሌ ቤቱን ከአንድ ጀምሮ ቆጠረ። ጸሐፊው ግን እንደለመደው ቁጥሩን ብቻ ይጽፍ ነበር። አባዬም እንደለመደው ተቀብሎ ሄደ፤ የአንዱን መጥሪያ ለሌላው ሰጠ። ባለጉዳዩ ሳይሰማ፣ በሌለበት ተፈረደበት። አባዬ እስኪሞት ድረስ ያ ሰው ከሐሳቡ አልወጣም።»

ጋሽ ገረመው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«በከተማዋ ስንት የቤት ቁጥር 214 ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ስምንት፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አጠለቁ። ድራይቨሩን ከፍተው ወደ ሜሞሪ የተላከውን አድራሻ ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ። የኋለኛው ግማሽ አንድ ነው፤ የፊተኛው ግማሽ ግን የለም። «ወይ ጉድ!» አሉ። «ቁጥሩን ይዤ ቀበሌውን ጥዬዋለሁ። አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ጋሽ ገረመው ሣጥኗን አሰፉ። አንዷን ብቻ አሰፍተው አልተነሡም፤ ደብዳቤውን የሚልከው ፕሮግራም አድራሻ የሚሞላበትንም ቅጽ፣ ድራይቨሩ አድራሻ የሚቀበልበትንም ቅጽ እኩል ስምንት ስምንት ክፍል አደረጉ፤ ቢጫውንም ጽሑፍ መስመር በመስመር አነበቡ። ያን ጊዜ ሣጥኗ ሰፋች፣ አድራሻው ሙሉ ሆነ፣ ሜሞሪ በር ከፈተች፣ ድራይቨሩ ፊደል ሰጠ፣ ማተሚያው አዘዘ፣ መርፌው ገፋ፣ ወረቀቱም ነጥብ አወጣ! ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ልናገር አፌን እንኳ ሳልከፍት ነው።

አልጋነሽ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ጣቷ የመጀመሪያውን መስመር ነካ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። ከዚያ ሳቀች፣ እየሳቀችም እንባዋ ወረደ። ጋሽ ገረመው ደነገጡ።

«ምን ይላል? ደግሞ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም ጋሼ። ይህቺን ያህል ላንብብልዎ» አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ቀበሌ 05፣ የቤት ቁጥር 87። ለልጄ ለአልጋነሽ ወንድይራድ። አብረን እየኖርን አድራሻ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። ቤታችንን ረስቼው አይደለም፤ ብቻሽን ስትሆኚ እንዳትጠፊብኝ ብዬ ነው።»

የቀረውን ለራሷ አነበበች። ጋሽ ገረመው ወደ መስኮቱ ዞረው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አደረስኩላችሁ። መልሱልኝ እንግዲህ፤ ስትመልሱ ግን ቀበሌዬን እንዳትረሱ።