ለጣሪያ የመጣው ቆርቆሮ

አንድ ቀን ወንጌላዊ ኤርሱሞ ሚስቱን አመለወርቅንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወንጌል ሊሰብክ ማላዊ ወረደ። የላከችው አዲስ አበባ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ የተከራየው ቤት በዕድሜ ከአባቱ ይበልጣል። ግድግዳው ተላልጧል፣ በሮቹ ሲከፈቱ ያቃስታሉ፣ ጣሪያውማ ወንፊት ነው። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ አልጋ እየጎተቱ ደረቅ ቦታ ሲፈልጉ ያመሻሉ።

ቤቱ አንድ ጸጋ ግን ነበረው፤ ሰፊ በረንዳ። ግቢውን የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ስላለ ሰፈርተኛው ወደ ገበያ ሲሄድም ሲመለስም በዚያ ያልፋል። አላፊው በረንዳው ሥር ቆም ይልና «ኦዲ!» ብሎ ይጣራል፤ እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው መሆኑ ነው። «ግቡ» ሲባል አረፍ ይላል፣ ወሬ ይጀመራል፣ ከወሬው ወደ መዝሙር፣ ከመዝሙሩ ወደ ጸሎት ይኬዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ የቅዳሜው ጸሎት ሠላሳ ሰው ሞላ።

ኤርሱሞ ደስታው አላስቀምጥ ቢለው ለላኪዎቹ ጻፈ። «ሠላሳ ነፍስ በረንዳዬ ላይ!» አለ። እነሱም ደስ ብሏቸው ለሚያፈሰው ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ አስገዙለት። ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ከሁለት ወር በኋላ መጥተው ሥራውን በዓይናቸው ያያሉ፤ ሥራው ካለ ይቀጥላል፣ ከሌለ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል።

ቆርቆሮው መጥቶ ግቢው ውስጥ ሲከመር ኤርሱሞ ሐበሻነቱ ተነሣበት። እኛ መቼም ጣሪያ ባይኖረን እንኳ አጥር አይቅርብን ባዮች ነን። ኤርሱሞ ወገቡን ይዞ ግቢውን ዞረና፣

«አሁን ይኼ ቤት ነው? ቤት ያለ አጥር ምኑን ቤት ሆነ!» አለ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በእናትህ! ቆርቆሮው የመጣው ለጣሪያ ነው» አለች አመለወርቅ።

«ጣሪያው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ግቢው ይታጠር።»

«በዚህ ሰፈር ማን አጥር አለው?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እመቤቴ!»

በሰፈሩ አጥር የሚባል አልነበረም። ዘመናዊ ነኝ ያለው ሰው እንኳ ደጁ ላይ አበባ ቢተክል ነው። ኤርሱሞ ግን ማንንም ሳይጠይቅ እጅጌውን ሰብስቦ ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ከረመ። ሚስማር ሲመታ ንፉግ አይደለም፤ አንድ በሚበቃበት አራት ይመታል። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። የእግር መንገዱን ዘጋው፣ የብረት በር ገጠመ፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አበጀለት። ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና «አሁን አስኮን መሰለ!» አለ።

አከራዩ አጎጎ ካሊንዴ ከግቢው ማዶ ነበር የሚኖሩት። እዚያ አገር አጎጎ ማለት አያቴ እንደማለት ነው። ዕድሜያቸውን በጀልባ አናጢነት የጨረሱ፣ ከንግግር ዝምታ የሚቀናቸው ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አዩትና «ብዙ ሚስማር ፈጅቷል» ብለው ብቻ ሄዱ። ኤርሱሞ ይህንን ምስጋና አድርጎ ወሰደው።

ቅዳሜ ደረሰ። ኤርሱሞ አግዳሚ ወንበሮቹን ደርድሮ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሞላ፤ ማንም የለም። «እነዚህም የሐበሻ ቀጠሮ ለመዱ እንዴ?» አለና ሳቀ። ሲቆይ ግን ሳቁ ጠፋ። ተንበረከከና «ጌታ ሆይ! ሰዎቹን አምጣልኝ! አምጣልኝ!» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ጀመር። ድምፁ እንኳንስ ለሰማይ ለሐይቁ ማዶም ይበቃል።

«ኤርሱሞ፣ የሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ» አለች አመለወርቅ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«አትረብሺኝ እንግዲህ! እየጸለይኩ ነው!»

በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ለሦስተኛው ሳምንቱን ሙሉ ጾሞ፣ ይበልጥ ጮሆ ጸለየ። የመጣ የለም። ሽማግሌዎቹ ሊደርሱ የቀራቸው አንድ ሳምንት ነው። ሠላሳ ነፍስ ብሎ የጻፈው ሰው አራት የራሱን ቤተሰብ ደርድሮ ሊያሳይ ነው። እንቅልፍ አጣ። እውነቱን ለመናገር አለቀሰም። የሕዝቡን ልብ ምን እንዳቀዘቀዘው ግራ ገባው። ጠላት ነው አለ፣ ፈተና ነው አለ፤ አጥሩን ግን አንዴም አልጠረጠረም።

ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮው ጓ! ጓ! ጓ! አለ። ኤርሱሞ ሮጦ ከፈተ። አጎጎ ካሊንዴ በትራቸውን እንዳነሱ ቆመዋል።

ኤርሱሞ በለመዳት ግማሽ ቋንቋ የሆዱን ዘረገፈላቸው። «አጎጎ፣ ይህን ሰፈርተኛ ምን ነካው? ምን በደልኩ? ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጠበቅሁ፤ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም።»

«መጥተዋል እንጂ።»

«የት መጡ?»

«እዚሁ፣ እኔ የቆምኩበት። ሦስቱንም ቅዳሜ መጥተው ሦስት ሦስት ጊዜ ‹ኦዲ› ብለዋል። በእኛ አገር ሦስት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው ይመለሳል። የሰው ደጅ መደብደብ ነውር ነው። እኔ እንኳ የደበደብኩት ከእርጅና ጋር እፍረቴ ስላለቀ ነው።»

«ታዲያ እኔ እንዴት አልሰማሁም?»

«አንተማ ትጸልይ ነበር። ‹አምጣልኝ› ስትል ሁላችንም እዚህ ሆነን ሰምተንሃል። አንዳንዶቹ ‹አሜን› ብለው ነው የተመለሱት።»

ኤርሱሞ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሆኖም ወንጌላዊም ቢሆን ሰው ነውና ወዲያው እጅ አልሰጠም።

«አጎጎ፣ እኔ እኮ ሰው እንዳይመጣብኝ ብዬ አይደለም ያጠርኩት። ሌባ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳርፈው ከሰው ቁመት በላይ የቆመውን ቆርቆሮ አንዴ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ» አሉት፣ «ሌባማ አጥር መዝለል ያውቅበታል። መዝለል የማያውቀው ለጸሎት የሚመጣው ሰው ነው።»

ኤርሱሞ ወደ ቤት ገባና መዶሻውን ይዞ ወጣ። በሦስት ቀን የመታውን ሚስማር በአንድ ጠዋት ሲነቅል ጩኸቱን የሰማ ሰፈርተኛ ሁሉ መጣ። «ኦዲ!» አሉ፤ ኤርሱሞም ሚስማር በጥርሱ እንደያዘ «ግቡ! ግቡ!» አለ። አንዱ ሲያቀብል፣ አንዱ ሲሸከም፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ሲመታ፣ ቆርቆሮው መጀመሪያ ወደታሰበለት ቦታ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ የደረሱት ቅዳሜ ነበር። በረንዳው ሠላሳ አራት ሰው ይዟል፤ አጎጎ ካሊንዴ ከፊት ተቀምጠዋል። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ሥራው ይቀጥላል አሉ። ከጸሎቱ በኋላ ምሳ ቀርቦ ገና ከመቆረሱ ያ የሐይቅ ዳር ዝናብ ዶፉን ለቀቀው። ጣሪያው የአጥሩ ሚስማር በበሳው መቶ ቦታ ይንጠባጠብ ጀመር። አንዱ ጠብታ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መላጣ ላይ አረፈ።

ሰብሳቢው ራሳቸውን እየጠረጉ ቀና አሉ። «ወንጌላዊ፣ እኛ የላክነው አዲስ ቆርቆሮ አይደል እንዴ? ይህ ሁሉ ቀዳዳ ከየት መጣ?»

አመለወርቅ አፏን ልትከፍት ስትል ኤርሱሞ ቀደማትና ሳፋውን አንሥቶ ጠብታው ሥር አስቀመጠ።

«ያ የፈራሁት ሌባ ነው፣ ጋሼ» አለ። «አጎጎ አጥር መዝለል ያውቅበታል ብለውኝ ነበር፤ ጣሪያ ላይ ይወጣል ግን አላሉኝም።»