የተፈራው መደብ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ በሕይወት አለች፣ ሲያመሰግኗትም ታፍራለች።

ቤቷ ዝናብ ከሚበዛበት አገር ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ባሏ ደምለው ይባላል። የደምለው እናት እማማ አንጓች አብረዋቸው ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል። የሚተኙት በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር፣ ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ቀን ጀምሮ ባልተለዩት የጭቃ መደብ ላይ ነው።

ነሐሴ በገባ ሰሞን አንድ ጧት እማማ አንጓች ሻሻቸውን ሲያስሩ አንገታቸው ላይ አንድ ነገር ሄደ። ምራታቸው አንሥታ አየችው። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ጭራው እንደ ወረንጦ ለሁለት የተሰነጠቀ ተባይ ነው። ታውቁታላችሁ። ድንጋይ ስታነሡ የሚሸሸው፣ ጆሮ ይገባል እየተባለ የሚወራበት።

እማማ አንጓችም የሚያውቁት በወሬው ነው። «ጆሮ ገብቶ አንጎል ይበላል» አሉ። ከዚያ ወዲያ በመደቡ ላይ አልተኛም አሉ። አልጋ ቢለቁላቸው፣ «የልጄን አልጋ ነጥቄ?» ብለው እምቢ አሉ። ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ።

ሰው ተቀምጦ እስከ መቼ ያድራል? እግራቸው አበጠ። የጾም ምግባቸውንም መቅመስ ተዉ። ቤቱ ሁሉ እናቱን ሊያጣ እንደሆነ ገባው።

እናቱን የሚወድ ልጅ ምን ያደርጋል? ደምለው ለድንች የሚረጨውን መድኃኒት ከነመርጫው በጀርባው አዝሎ ገባ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«መደቡንም ግድግዳውንም ላጥበው ነው።»

«እናትህ በሚተነፍሱበት ቤት?»

«ታዲያ እናቴን ለተባይ ልቀልብ?»

«ይኸ ለድንች የተሠራ ነው። ድንች ሳንባ የለውም።»

እማማ ከበርጩማቸው ሆነው፣ «ተዋት አንተ፤ እርጨው። ድንቹም እኔም መግቢያችን አፈር ነው» አሉ።

«እስከ ቡሄ ታገሠኝ» አለችው። እያጉረመረመ መርጫውን በር ሥር አስቀመጠው።

አሁን እዩዋት። አልተጣደፈችም። ከመግደሏ በፊት ጠየቀች። ይህ ተባይ እርጥብና ጨለማ ይወዳል፤ ከቤቴ የት አገኘው? አለች። ማታ ማታ ጨርቅ አርጥባ፣ ጠቅልላ በየማዕዘኑ አስቀመጠች። ተባዩ ተጠልሎበት ሲያድር፣ ጧት በባልዲ ባለ የሳሙና ውሃ ላይ ታራግፈዋለች። በበሩ በኩል ያለው ጨርቅ ባዶ ነው። በመደቡ ራስጌ ያለው ግን ሙሉ ነው። መንገዱ በዚህ ነው አለችና ወደ ጓሮ ዞረች።

ከግድግዳው ሥር ምን አገኘች? የበዓል ሣር። እማማ አንጓች በየበዓሉ ቤት የተጎዘጎዘውን፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ቄጤማ ጭምር፣ እግር እንዳይረግጠው ብለው እዚያ ያኖሩታል። የዓመቱ በዓመቱ ላይ ተከምሯል። ላዩ ገለባ ነው፤ ታቹ ጠቁሯል። እፍኝ ብታነሣ ሥሩ ይርመሰመሳል። ግድግዳውም እርጥበቱን ጠጥቶ ተሰንጥቋል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «እማማ፣ ተባዩን ያረቡት እርስዎ ነዎት» አትሉም? እውነት እኮ ነው። እርሷ ይህን እውነት ዋጠችው። ገብታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ ጓሮ ያለው የበዓል ሣር ረጥቧል።»

«እንዳትነኪው። በረከት ነው።»

«በረከቱማ ቤት ገብቷል። የቀረው እየበሰበሰ ነው። ሲዋረድ ልየው?»

«መንገድ ላይ ልትጥይው ነው?»

«አልጥልም። አድርቄ ላቃጥለው። አመዱንም እግር ከማይደርስበት ልቅበረው።»

«ያረጀ የቤተ ክርስቲያን ልብስም እንዲሁ ነው የሚደረገው» አሉ። «በእሳት ይሂድ።»

ክምሩን በመንሽ እያነሣች ከቤት ርቆ ባለ አለት ላይ ዘረጋችው። ዶሮዎች ተከትለዋት ድርሻቸውን ለቀሙ። ሲደርቅም አቃጥላ አመዱን እንዳለችው ቀበረችው። ግድግዳውን ተደግፎ የነበረውን ፍልጥም አራቀች። ውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ስትጀምር ደምለው መጥቶ ዶማውን ከእጇ ወሰደ። ስንጥቁን ጭድ በበዛበት ጭቃ ደፈነችው። ጨርቁን ግን ማስቀመጧን አልተወችም። ይቀንስ ጀመር። ቡሄ ሲደርስ የራስጌው ጨርቅም ባዶ ሆነ።

አለቀ? አላለቀም። ተባዩ ወጣ እንጂ ፍርሃቱ አልወጣም።

«ጠፍቷል እማማ፤ ይተኙ» አለቻቸው።

«ዓይኔ አያይ፤ በምን ልመን?»

ደምለው ወደ መርጫው ተመለከተ። «እናቴ ካልተኛች ልፋትሽ ምን ረባን?» አላት።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሄዳ መደቡ ላይ ወጣች። ሻሿን ፈታች። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ በእማማ አንጓች ትራስ ላይ ተኛች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ እማማ።

«ልተኛ ነው።»

«ተነሺ፤ ጆሮሽ ይገባል።»

«ካለ እኔን ያግኘኝ።»

ስትቆፍር የሰነበተች ናትና እንቅልፉ እውነተኛ ነበር። እማማ አንጓች ትንፋሿን አዳመጡ። ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ጆሮዋን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ምንም የለም።

«ጠጋ በይልኝ» አሉ።

ደምለው ከውጭ ሲመለስ ሁለቱንም ተኝተው አገኛቸው። እናቱ ያንኮራፋሉ። መርጫውን አንሥቶ ወደ ድንቹ ሄደ።

ልጆቼ፣ ይህችን ሴት ለምን አደንቃታለሁ? ክምሩን ስላገኘች ነውን? ጓሮ የዞረ ሁሉ ያገኘዋል። እርግጥ ብዙዎቻችን መርዝ እንሸከማለን እንጂ ጓሮ አንዞርም። በጎ ሆኖ ጀምሮ እዚያው የበሰበሰ፣ በረከት ነው ብለን የማናስነካው ክምር ስንቶቻችን ቤት አለ? ሂዱና እዩት። በክብር አንሡት።

እኔ ግን የምደነቀው በመተኛቷ ነው። «አትፍሩ» ማለት ቀላል ነው፤ በርጩማ ላይ ላለ ሰው ከሩቅ ይባላል። እርሷ በተፈራው ቦታ ተኛች።

ጌታችንስ ሞትን ስንፈራ ምን አደረገ? ከላይ ሆኖ «አትፍሩ» ብሎ ብቻ ተወን? ወረደ እንጂ። እኛ በምንፈራው ቦታ ተኛ። መቃብር ውስጥ ተኛ።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በየቤታችሁ የሚፈራ ሰው አለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእልፍኙን በር ያልከፈተች አለች። ጎረቤት ደጁን የሸሸው በሽተኛ አለ። ሄዳችሁ ቃል አታብዙበት። ቀድማችሁ ግቡ። እዚያ ተቀመጡ። «ጠጋ በሉልኝ» እስኪላችሁ ድረስ አትነሡ።