የጉድጓዱ ኮሚቴና ደጅ የቆመችው እናት

አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነዋሪው ሁሉ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ጣዕሙ ተለወጠ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ሽብሩ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ገና ከመጀመሪያው፣ "ያልተጣራ ወሬ ወጥቶ ሕዝቡ እንዳይሸበር ስብሰባው በዝግ ይሁን" ብለው በሩን አስዘጉ።

ከአባላቱ አንዷ ወይዘሮ ትብለጥ ተቃወሙ።

"ውሃውን የሚጠጣው ሕዝቡ ነው፤ የምንነጋገረውን የመስማት መብት አለው። ደግሞስ በሩ እንዲዘጋ ማን ድምፅ ሰጠ?"

"እሱ የሰብሳቢው ሥልጣን ነው" አሉ አቶ ሽብሩ።

ደንቡ ተነበበ፤ አንዱን አንቀጽ ሁለቱም በየፊናቸው ተረጎሙት። ድምፅ ይሰጥ ሲባል ደግሞ አሰጣጡ በግልጽ ይሁን በምስጢር የሚል ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። ውሃውን ማንም ሳያነሳው መሸና ለሳምንት ተቀጣጠሩ።

በቀጠሮው ቀን እንጉዳይ የምትባል እናት መጣች። ትንሿ ልጇ ብርቄ ከጉድጓዱ ጠጥታ ታማባት ነበር።

"ወንድሜ፣ እባክህ አስገባኝ" አለችው ዘበኛውን። "ውሃው ልጄን ጣላት። የሌላው ሰው ልጅ እንዳይጠጣ ልንገራቸው።"

"እህቴ፣ ስብሰባው ዝግ ይሁን ክፍት ገና አልተወሰነም። እስኪወሰን ማንንም አታስገባ ተብያለሁ።"

እንጉዳይ ደጃፉ ላይ ቆመች። የክርክሩ ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። የሚከራከሩት ስለ እሷ መብት ነበር። ብዙ ጠብቃ፣ የልጇ ነገር ሲያስጨንቃት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ወይዘሮ ትብለጥ በድምፅ አሸነፉ፤ በሩም ወለል ተደርጎ ተከፈተ። የገባ ሰው ግን አልነበረም።

"ሕዝቡ የት ሄደ?" አሉ ወይዘሮ ትብለጥ።

"ቀብር ነው" አለ ዘበኛው። "ባለፈው እዚህ ቆማ የነበረችው እናት ልጇ ሞተችባት።"

ጉድጓዱ የታሸገው በዚያው ቀን ነው። ለዚያ ድምፅ ይሰጥ ያለ አልነበረም።

ሁለቱ ተከራካሪዎች አብረው ለቅሶ ደረሱ። አቶ ሽብሩ አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ። ወይዘሮ ትብለጥም ሲወጡ እንዲህ አሏቸው፦

"ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ግን ልክ መሆኔን ሳስረዳ ሰነበትኩ እንጂ፣ ተነስቼ በሩን ከፍቼ ማን እንደቆመ አላየሁም።"

የስብሰባ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ በሩ መከፈቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ለሰው ሲባል የቆመ ሥርዓት ሰውን ራሱን ካስረሳን፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም እኩል ይጸጸታል። እኛስ ዛሬ ስለ ማን መብት እየተከራከርን ማንን ደጅ አቁመን ይሆን?