ከውስጥ የተቆለፈው የሞተር ቤት

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ልብስ እያጠበች ነበር። ቀኑ ብራ ነው። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሷል፤ አንሶላ ትጨምቃለች። በዚህ መሐል የሳፋው ውኃ ተንቀጠቀጠ።

ማንም አልነካውም። ነፋስም አልነበረም። ውኃው ግን ይርገበገባል።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ስሟ ኦቲሊያ ነው፤ አገሯ ጀርመን። ባሏ ሊዮንሃርት አዲስ ዓይነት ሞተር የፈለሰፈ መሐንዲስ ነበር። ስሙን ከታሪክ መዝገብ አትፈልጉት፤ በምሳሌ የማወራላችሁ ሰው ነው። ልቡን ግን ፈልጉት። ምናልባት እዚሁ ከመካከላችን ታገኙት ይሆናል።

ይህ ሰው ሞተሩን የሠራው ብቻውን አልነበረም። ኮንራድ የሚባል ወዳጅ ነበረው። አብረው ብረት ቀጥቅጠዋል፣ አብረው ጦማቸውን አድረዋል፣ የመጀመሪያው ሞተር ሲነሣላቸው ተቃቅፈው አልቅሰዋል። ፍርሃት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ሲወጣ፣ ባለፋብሪካዎች ደጁን ሲያንኳኩ፣ ሊዮንሃርት እንቅልፍ አጣ። "ሊሰርቁኝ ነው" ይላል። "ማን?" ስትለው ኦቲሊያ፣ ተነሥቶ በሩን ይፈትሻል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ሕዝብ ሁሉ ባለበት፣ የኮንራድን ክንድ ጨምድዶ ያዘና "ሌባ! ሥራዬን ለባዕድ የሸጥከው አንተ ነህ!" አለው።

ሸጦ ነበር? አልሸጠም። ማስረጃ ነበረ? አልነበረም። ፍርሃት ማስረጃ ይጠይቃል እንዴ?

ኮንራድ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱም ሩቅ አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ነው። ሊዮንሃርት በግቢው ውስጥ ያለውን የሞተሩን ቤት መስኮት በጡብ ደፈነው። በሩን በብረት አሠራው፤ ሲገባ ከውስጥ መወርወሪያ ይጥልበታል። ሚስቱ እንኳ አትገባም። ምሳውን ከደጁ ታስቀምጥለታለች፣ ታንኳኳለች፣ እሷ ስትሄድ ይከፍታል።

ኦቲሊያ የዚያን ሞተር ድምፅ ታውቀዋለች። እንደ ሙቀጫ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ልብስ በምታጥብበት በዚያ ቀን ግን ምቱ ተጣደፈ። እየተጣደፈ ሄደና አንዱን ምት ከሌላው መለየት አቃታት፤ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ። የቤቷ መስተዋቶች ተንቀጫቀጩ። ጥቁር ጭስ መንገዱን ሸፈነው። አንሶላውን ጥላ ሮጠች።

"ሊዮንሃርት! ክፈት! ክፈትልኝ!"

በሩን በመዳፏ ደበደበች። ከውስጥ የሰው ድምፅ የሰማች መሰላት፤ ምን እንደሚል አይለይም። ጆሮዋን ብትለጥፍ የሞተሩ ጩኸት ጥርሷ ድረስ ዘለቀ። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መስኮቱ ጡብ ነው። ዞረች፤ ጓሮውም ግንብ ነው። ሌባ እንዳይገባ የተዘጋው ቤት አሁን ረዳት አያስገባም።

ምን ታድርግ? በመንደሩ ያን ሞተር የሚያውቅ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ባሏ በአደባባይ ያዋረደው ነው።

መንገዱን ተሻገረች። ኮንራድ ጩኸቱን ሰምቶ ደጁ ላይ ቆሟል፤ ግን አልቀረበም።

"ኮንራድ፣ ድረስልኝ!"

"ባልሽ ምን እንዳለኝ ሰምተሻል" አላት።

"ሰምቻለሁ።"

"አጠገቡ ቆመሽ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስሽም።"

እውነቱን ነው። "ፈርቼ ነው" አለችው። "እሱን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ደግሞ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። ከፈለግህ ነገ እርገመኝ፤ ዛሬ ግን ና።"

ኮንራድ ወደ ጭሱ ተመለከተ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየችው። ያን ጊዜ ገባት፤ የያዘው ቂም ብቻ አልነበረም። እሱም ፈርቷል።

"ነዳጁን ዘግቶት ይሆናል" አለ። "ግን አይቆምለትም። ሞተሩ በነዳጁ ፈንታ የራሱን ማለስለሻ ቅባት ማቃጠል ጀምሯል። አየር ካልከለከሉት እስኪበታተን ድረስ ይሮጣል። ሲበታተን ደግሞ እዚያ ውስጥ ያለ ሰው…" አልጨረሰውም። ትልቁን መዶሻ አንሥቶ ሮጠ።

በሩን አልሞከረም። የተደፈነውን መስኮት መታው። ደገመው። ሰለሰው። ጡቡ ሲናድ ጭሱ ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ኦቲሊያ ፍርስራሹን በጥፍሯ ጎተተች፤ ጣቶቿ ደሙ። ቀዳዳው ሰው ማሳለፍ እንደ ጀመረ ኮንራድ የቆዳ ሽርጡን ፈትቶ በእጁ ያዘና ገባ። ጭሱ ዋጠው።

እሷ ውጭ ቀረች። እንዲህ ያለ መጠበቅ ታውቃላችሁ? ጩኸቱ ጨመረ። ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ፤ ብረት ግድግዳ ሲመታ ሰማች። "ሁለቱንም ገደልኳቸው" አለች በልቧ። ከዚያ ጩኸቱ ታነቀ። አቃሰተ። ቆመ። ዝምታው ከጩኸቱ የባሰ አስፈራት።

መወርወሪያው ሲነሣ ሰማች። ኮንራድ ባሏን በብብቱ ይዞ እየጎተተ ወጣ። ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ በሽርጡ ወትፎ ነው ያቆመው፤ የጋለው ብረት ግን የመዳፉን ቆዳ ልጦታል።

ሊዮንሃርት ሣሩ ላይ እንደተጋደመ ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱን አየ። ኮንራድን አየ። ሰው ከሞት አፍ ሲወጣ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይሆናል? "ተመስገን" ይላል? "ወንድሜ" ይላል?

"ማን አስገባው?" አለ።

ሰማችሁት? "ማን አስገባው?"

ኦቲሊያ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። "እኔ ነኝ ያስገባሁት" አለችው። "ደግሞም ደግ አደረግሁ።" ኮንራድ ግን የተላጠ እጁን በደኅናው ደግፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ገባ።

ሊዮንሃርት ዳነ። ሞተሩን እንደገና ሠራው፤ አየር መዝጊያም አበጀለት። ሞተሩ መርከብ ገፋ፣ ወፍጮ አዞረ፣ ባሕር ተሻገረ። ከተማው በስሙ አደባባይ ሰየመለት። መስኮቱ ግን ተመልሶ በጡብ ተደፈነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቲሊያ ባሏን ከመንገዱ ጠርዝ ቆሞ አየችው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። የኮንራድን ደጅ ያያል፤ እግሩን ያነሣል፣ ይመልሳል። ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

"ሂድ እንጂ። አብሬህ እገባለሁ።"

"ምን ብዬ?" አላት። "ያን እጅ እንዴት አየዋለሁ?"

"እየው፤ አይተህም ማረኝ በለው።"

"ይቅር ካለኝስ?" አላት። "ይቅር ካለኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የፈራሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው።" ዞረና ተመለሰ።

በዚያው ክረምት ኮንራድ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ሊዮንሃርት ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። አፈሩ ሲመለስ "ኮንራድ!" ብሎ ተጣራ፣ ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የሚመልስለት ግን አልነበረም።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? "እኛ ሞተር አልፈለሰፍንም" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን በእድር ድንኳን ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ዓይን ለዓይን የማትተያዩ የላችሁም? "እህቴ ቀንታብኛለች፣ ጎረቤቴ ክፉ ያስብብኛል፣ ወንድሜ ድንበሬን ሊገፋ ነው" ብላችሁ፣ ሳትጠይቁ፣ ሳታጣሩ፣ መስኮት የደፈናችሁ የላችሁም? ማታ ማታ "ጌታ ሆይ፣ ረዳት ላክልኝ" ትላላችሁ። የላከውን ስታዩ "ማን አስገባው?" ትላላችሁ።

የፈራ ሁሉ ጠፋ አልላችሁም። ኦቲሊያም ፈርታ ነበር፤ ኮንራድም ፈርቶ ነበር። እየፈሩ ግን ሄዱ። እናንተም ፍርሃታችሁ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ ላይለቃችሁ ይችላል።

አሁን ስሙ በልባችሁ የመጣው ያ ሰው፣ በሕይወት አለ? አለ ካላችሁኝ የመዝጊያውን መዝሙር አትጠብቁ። እኔም አልቀየማችሁም። ተነሡና ሂዱ።