በድምፅ የሚታዘዘው ስፒከር

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ አዲስ ዕቃ ወጣ ከተባለ ሳይገዙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አንድ ቀን በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ከዱባይ አስመጡና ሠራተኛውን ሁሉ ቢሯቸው ሰበሰቡ።

«መብራቱን አጥፋ!» አሉት፤ አጠፋ። «አብራ!» አሉት፤ አበራ። ሠራተኛው አጨበጨበ።

አቶ ደምመላሽ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ተላላኪዋ ዞሩ። ሴትዮዋ ምላሷ ምላጭ ስለሆነ አይወዷትም።

«አየሽ? ይኼ አይለግምም፣ አፍ አይመልስም፣ ያልኩትን ይፈጽማል። የምትበልጪበት አንድ ነገር ካለ አሁን ተናገሪ፤ ከሌለ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

ተላላኪዋ በጣቷ ወደ ስፒከሩ ጠቆመች።

«ጌታዬ፣ እስቲ ያችን ሁልጊዜ የሚያጫውቱንን የአህያዋን ቀልድ ይንገሩት» አለች።

አቶ ደምመላሽ ደስ አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እንደ አህያዋ እያናፉ ቀልዱን እስከ መጨረሻው አወሩለት። ስፒከሩ ትንሽ ቆየና «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ።

«እኛም ገብቶን አያውቅም፣ ጌታዬ» አለች ተላላኪዋ፤ «ግን ስንት ዓመት በሳቅ ስንፈርስልዎ ኖርን!»